በሐይቅ ዳር ያሉ የዓሣ አስጋሪ መንደሮች፤ ከደሴ እስከ ውጫሌ በመኪና

በአገራችን የውሃ ዳር መንደሮችን በመኪና እየዞረ ለማየት የሚሻ ሰው ዛሬ ፊቱን ወደ ሐይቆቻችን ማዞር ይኖርበታል። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በባቲ በኩል ወደ አሰብ የሚወርደው መንገድ መንገደኛውን ከቀይ ባሕር ያደርስ በነበረበት ዘመን ነገሩ ሌላ ነበር። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. የራሷ መንግሥት ሆነች፤ በ1990 ዓ.ም. ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ በዚያ መንገድ ወደ ባሕር የሚወርድ ተጓዥ ቀረ። ስለዚህ እኛ ሦስት ተማሪዎች በዕረፍታችን ጊዜ የአንደኛው ጓደኛችን አጎት ባዋሱን አሮጌ መኪና ተነሥተን ኮምቦልቻ ስንደርስ የባቲን መንገድ በቀኝ ትተን ወደ ደሴ ወጣን፤ ከዚያም ወደ ሰሜን፣ ወደ ሐይቅና ወደ አምባሰል አቀናን።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መንገዱንና በመንገዱ ዳር የሚታየውን ለማያውቀው አንባቢ ማስረዳት ነው። ነገር ግን ከጉዞው በኋላ በተለይ ልናገረው የሚገባኝ ሆኖ ያገኘሁት አንድ ጉዳይ አለ። ከመኪናው መስኮት የሚታየው ሐይቅ፣ ገዳሙም፣ ታንኳውም፣ መረቡም ሁሉ አብሮ የኖረና ጥንታዊ ይመስላል። ገዳሙ በእርግጥ ጥንታዊ ነው። ዛሬ ብዙ ቤተሰብ የሚተዳደርበት የቆሮሶ ዓሣ ግን በሐይቁ ውስጥ ያለው ዕድሜ ከብዙዎቹ መምህሮቻችን ዕድሜ አይበልጥም።

ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ ያለው 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጣርማ በርን፣ ደብረ ሲናን፣ ከሚሴን ብዙው አንባቢ ስለሚያውቃቸው አልዘገይባቸውም። ከደሴ ወደ ሐይቅ ከተማ የሚወስደው መንገድ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከአስመራ ወደ አዲስ አበባ ከተዘረጋው አውራ ጎዳና ክፍል ሲሆን ርዝመቱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከደሴ በስተሰሜን አፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት ቦሩ ሜዳ ይገኛል፤ ብርዱ ያን ዕለት ጠዋት ከመኪናው አላስወረደንም። ከዚያ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወርድ አየሩ ይሞቃል፤ ገብሱና ባሕር ዛፉ ለጤፍና ለማሽላ፣ ቀጥሎም ለጫትና ለፍራፍሬ ቦታውን ይለቃል። ሐይቁ የሚታየው በድንገት ነው። ሾፌር የሆነው ጓደኛችን መኪናውን ከመንገዱ ዳር ማቆሙ መልካም ሆነ፤ ምክንያቱም ሦስታችንም ወደ ግራና ቀኝ ማየቱን ትተን ወደ ውሃው ብቻ እንመለከት ነበር።

ሐይቁ የተቀመጠው በተራሮች መካከል ባለ ጎድጓዳ ሥፍራ ነው። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከጥልቀቱ ጋር ሲመዛዘን ትንሽ ነው፤ እጅግ ጥልቅ የሆነው ሥፍራው ወደ 88 ሜትር ይደርሳልና። በዐይን የሚታይ መውጫ ወንዝ የለውም። መውጫ የሌለው ውሃ ብዙውን ጊዜ ጨዋማ ይሆናል፤ ይህ ግን ጨው አልሆነም። እርሻው እስከ ውሃው ከንፈር ድረስ ይወርዳል፤ በአንዳንድ ሥፍራ በመጨረሻው ትልምና በፊላው መካከል ሁለት እርምጃ እንኳ አይገኝም።

ስለ ሐይቁ አፈጣጠር በአገሩ የሚነገረው ታሪክ እንዲህ ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ተበደለች። እግዚአብሔርም በግፉ ተቆጥቶ ሴቲቱ ከተቀመጠችበት መሬት በቀር በዙሪያዋ ያለውን ሁሉ ውሃ አደረገው፤ ልዕልቲቱም ከነወገኖቿ ሰጠመች። ሴቲቱ የተቀመጠችበት መሬት ደሴት ሆነ፤ በእርሱም ላይ የእስጢፋኖስ ገዳም ተሠራ። በመንገድ ላይ ያገኘናቸው አንድ ከብት ጠባቂ ሽማግሌ ይህንኑ ሲነግሩን፣ «ለዚህ ነው ልጄ፣ ይህ ውሃ ግፍ አይወድም የሚባለው» አሉን። ኋላ ስለ ዓሣው ስንሰማ ይህ ቃላቸው ብዙ ጊዜ ትዝ አለን።

ከከተማው ወደ ገዳሙ የሚወስደው መንገድ አጭር ነው፤ መኪናም እስከ ደጁ ይደርሳል። ይህ ራሱ ሊያስገርመን ይገባል። ሥፍራው ቀድሞ በውሃ የተከበበ ደሴት ነበርና። በ16ኛው መቶ ዓመት ኢማም አሕመድ ወደዚህ በደረሱ ጊዜ ሠራዊታቸው ወደ ገዳሙ የሚሻገርበትን ታንኳ ለማሠራት መድከሙን የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ዓረብ ፋቂህ ጽፎታል። ዛሬ ውሃው ስለ ሸሸ ደሴቱ ከምድር ጋር ተያይዟል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት እዚህ መጥተው ትምህርት ቤቱን አቋቋሙ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከዚሁ ተምረዋል። በ1273 ዓ.ም. የተጻፈው የኢየሱስ ሞዓ ወንጌል፣ ለገዳሙ የተሰጡትን መጻሕፍት ዝርዝር ጭምር ስለ ያዘ፣ የአገራችንን የመጻሕፍት ታሪክ ለሚያጠና ሰው ትልቅ ሀብት ነው። እኔ ግን በገዳሙ ታሪክ ላይ ብዙ አልጽፍም፤ ብዙ ሊቃውንት ጽፈውበታል።

ሴቶች ወደ ገዳሙ አይገቡም። ከእኛ ጋር የነበረችው ተማሪ እንግዲህ ከውጭ ቀርታ ጠበቀችን። እኛ የብራና መጻሕፍትን አይተን ረክተን ስንመለስ እርስዋ ከውሃው ዳር ከሁለት መረብ ጠጋኞች ጋር ተቀምጣ ደብተርዋን ግማሽ ሞልታው አገኘናት። ከዚህ ቀጥሎ ስለ ዓሣ ሥራው የምገልጸው አብዛኛው የተገኘው ከእርስዋ ደብተርና በማግሥቱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥተን ካየነው ነው።

አስጋሪዎቹ መረባቸውን ማታ ይጥላሉ፤ ጎሕ ሳይቀድ ሄደው ያነሣሉ። ከእንጨት የተሠራ ጀልባ ያላቸው አሉ፤ በፊላና በሸምበቆ የታሰረ ታንኳ የሚቀዝፉም አሉ። ታንኳው ውሃ ስለሚጠጣ ከሥራ በኋላ እንደ ነዶ ቆሞ በፀሐይ መድረቅ አለበት። ያን ጠዋት ጭጋጉ ገና በውሃው ላይ ተኝቶ ሳለ መጀመሪያ የሰማነው የመቅዘፊያ ድምፅ ነበር፤ ቀጥሎም ሳል፣ ከዚያም ሰው። ከታንኳው የወጣው ዓሣ ከሦስት ዓይነት አይበልጥም፤ ቆሮሶ፣ አምባዛና ኋላ ወደ ሐይቁ የገባው ካርፕ።

ዕድሜያቸው ወደ 60 የሚጠጋ አንድ አስጋሪ መረባቸውን ሲፈቱ ቀርበን ሰላምታ ሰጠናቸው።

«አባባ፣ ማስገሩን ከማን ተማሩ? ከአባትዎ ነው?»

«የለም ልጄ። አባቴ በሬ ይዞ ኖሮ በሬ ይዞ ነው የሞተ። መሬቱ ለስድስት ልጅ ሲካፈል ለእኔ የደረሰኝ ውሃው ነው።»

ይህ መልስ ከብዙ ገጽ ማብራሪያ ይበልጣል። በጣና ዳር እንደሚኖሩት ወይጦዎች ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ በውሃ ላይ የኖረ ሕዝብ እዚህ እናገኛለን ብለን ነበር። ያገኘነው ግን መሬት ያነሰው የገበሬ ልጅ ነው። አዲሶቹ አስጋሪዎች ደግሞ ከዚህም ወጣቶች ናቸው፤ አሥረኛ ወይም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰው ሥራ ያጡ፣ በማኅበር የተደራጁ።

ለዚህ ሁሉ መነሻ የሆነው በ1970 ዓ.ም. ገደማ የተደረገ አንድ ነገር ነው። ከዚያ በፊት በሐይቁ ውስጥ ዋናው ዓሣ አምባዛ ነበር። ለሕዝቡ ምግብ እንዲሆን ታስቦ ቆሮሶ ከሌላ ሥፍራ መጥቶ ተጨመረ። ቆሮሶውም ተስማማውና በዛ፤ ገበያ ተገኘ፤ መረብ መጣ፤ መንደሮቹም ወደ ውሃው ዞሩ።

አሁን ከዚያ በፊት ሐይቁ ምን ይመስል እንደ ነበር ማወቅ ይቻላል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ባክስተር ከጎሎቢች ጋር ሆኖ ሐይቁን አጥንቶ ጽሑፉን እ.ኤ.አ. በ1970 አሳትሟል። በዚያን ጊዜ ውሃው እጅግ የጠራ ነበር። የውሃ ጥራት የሚለካበት ዘዴ ቀላል ነው፤ ነጭ ክብ ሰሌዳ በገመድ ታስሮ ወደ ውሃ ይወርዳል፤ ከዐይን የሚሰወርበት ጥልቀት ይመዘገባል። የቀድሞው ልክ 9 ሜትር ያህል ነበር። ኤልሳቤጥ ከበደና ጓደኞችዋ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ጥናት ግን ሐይቁ አረንጓዴ ሆኖ፣ በዐይን የማይታየው የውሃ አልጌ እጅግ በዝቶ፣ ጥራቱም በብዙ ቀንሶ ተገኘ። እኛም ከከተማ በገዛነው ነጭ የብረት ሳህን ሞክረን ነበር፤ ከአንድ ሰው ቁመት ብዙም ሳይወርድ ጠፋብን። ይህ ሳይንስ አይባልም፤ ሳህኑም ገመዱ ተፈትቶ በዚያው ቀርቷል።

ዓሣ ሲጨመር ውሃ ለምን ይደፈርሳል? ነገሩ እንዲህ ነው። በጠራው ሐይቅ ውስጥ ዳፍኒያ የሚባሉና እነርሱን የሚመስሉ እጅግ ትንንሽ እንስሳት ነበሩ። እነዚህ እንደ በግ መንጋ አልጌውን ይግጡታል፤ ውሃውን የሚያጠሩት እነርሱ ናቸው። ቆሮሶው፣ በተለይ ጫጩቱ፣ እነዚህን ግጦሽተኞች በላቸው። ጋጭ የሌለው መስክ ሣሩ እንደሚረዝም አልጌውም እንዲሁ በዛ። በምሥራቅ አፍሪካ ቪክቶሪያ ሐይቅም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ናይል ፐርች የተባለው ትልቅ ዓሣ ተጨምሮ የአገሬውን ትንንሽ ዓሦች በብዛት ማጥፋቱ ይታወቃል። መንገዱ ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው፤ አንድ እንግዳ ሲገባ የማዕዱ ሥርዓት ሁሉ ይለወጣል።

የሆነ ሆኖ ጥፋቱን ሁሉ በቆሮሶው ላይ መጣል ትክክል አይመስለኝም። እርሻው እስከ ውሃው ከንፈር ይደርሳል ብያለሁ፤ ክረምት በመጣ ቁጥር አፈሩና ማዳበሪያው አብሮ ይወርዳል፤ አልጌም እንደ ጤፍ ሁሉ ማዳበሪያ ይወዳል። የተራራው መራቆት ደግሞ የትናንት ነገር አይደለም። ከሐይቅና ከጎረቤቱ ከሐርዲቦ ሥር በወጣው ጭቃ ውስጥ ያለውን የአበባ ብናኝ ዳርቢሸር፣ ላምብና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መሐመድ ዑመር አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጽሑፍ ያለፈውን 3000 ዓመት አሳይተዋል፤ ደኑ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ተመንጥሮ ነበር፤ በ15ኛውና በ17ኛው መቶ ዓመት መካከል ጥዱና ወይራው እንደገና አንሠራርቷል፤ ከዚያም እንደገና ወርዷል። ደን አንድ ጊዜ ከጠፋ አይመለስም የሚለውን አባባል ይህ ጭቃ ያስተባብላል።

ዛሬ አስጋሪዎቹን የሚያስጨንቃቸው ግን የውሃው ቀለም ሳይሆን የዓሣው ማነስ ነው። ክርክሩ ሁሉ በመረቡ ዓይን ላይ ነው። ዓይኑ ሰፊ የሆነ መረብ ትንሹን ዓሣ ያሳልፋል፤ ጠባቡ ሁሉን ያፍሳል። የቆሮሶ እናት ዕንቁላልዋንና ጫጩቶችዋን በአፍዋ ይዛ ነው የምታሳድግ፤ ወንዱም ጎጆውን የሚቆፍረው ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ነው። ስለዚህ ዳር ዳሩን በጠባብ መረብ የሚጎትት ሰው የሚያወጣው የዛሬውን ዓሣ ብቻ አይደለም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ይህንን ለአንድ ወጣት አስጋሪ ስናነሣበት እንዲህ አለን፤ «አውቃለሁ ወንድሜ። በጠባቡ ብገባ ማኅበሩ ይቆጣኛል። በሰፊው ብገባ ባዶዬን እወጣለሁ፤ ያን ጊዜ የምትቆጣው ሚስቴ ናት።» ጓደኞቹ ሁሉ ሳቁ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። «መጀመሪያ ጠባቡን ያመጣው ማን እንደሆነ እናውቃለን፤ አሁን ሁሉም ይዞታል፤ አንዱ ቢተው ሌላው ይወስድበታል» አሉ። እኔ እንደሚመስለኝ የችግሩ ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው። አንዱ ብቻውን ሊፈታው አይችልም፤ ከዳር ሆኖ የሚወቅሰውም ሰው ለምሳው ትንሹን ዓሣ አዝዞ ይበላል።

እኛም በላን፤ መደበቅ አይገባም። በከተማው ካሉት ዓሣ ቤቶች በአንዱ ገብተን ለብለብና ጥብስ ከዳጣ ጋር አዘዝን። በዚያ ያየሁት ነገር ከዓሣው ጣዕም ይልቅ አስደሰተኝ። በአገራችን ልማድ ክርስቲያንና እስላም ጎረቤት ሆነው፣ ተጋብተውም ሳለ፣ ሥጋ ላይ ሲደርሱ ይለያያሉ፤ አንዱ የባረከውን ሌላው አይበላም። ዓሣ ግን ቢላዋና ቡራኬ አያስፈልገውም። በእኛ አጠገብ በነበረው ጠረጴዛ ባለ ማተብና ባለ ቆብ ከአንድ ትሪ ሲጎርሱ ነበር፤ ማንም ዘወር ብሎ አላያቸውም። በወሎ ሌላውም ነገር ብዙ ጊዜ እንዲህ የተቀላቀለ ነው፤ ነገር ግን ሥጋ ያልቻለውን ዓሣ መቻሉን ልብ ያልኩት እዚያ ነው። ዓሣው ቢያልቅ የሚጎድለው ገንዘብ ብቻ አይሆንም ማለት ነው። አሳላፊው እንደ ነገረን ገበያው የሚደራው በዐቢይ ጾም ነው፤ ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እተወዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ በቢስቲማ መንገድ ወደ ሐርዲቦ ወጣን። ሐርዲቦ ከሐይቅ በስተደቡብ ምሥራቅ ከፍ ብሎ የሚገኝ ታናሽ ሐይቅ ነው፤ ውሃው በአንከርካ ወንዝ ወደ ሐይቅ ይወርድ ነበር። አሁን ወንዙን መስኖ ይቀበለዋል። በዚያ ያለውን አትክልት ያየ ሰው ገበሬውን ሊወቅስ አይችልም፤ ታች ያለውን አስጋሪ ያነጋገረ ሰው ደግሞ ዝም ሊል አይችልም። መንገዱ አቧራማ ነው፤ ዝናብ በዘነበበት ቀን አነስተኛ መኪና ይዞ መሄድን አልመክርም። ጸጥታው ግን ድንቅ ነው።

በሦስተኛው ቀን ወደ ሰሜን ወደ ውጫሌ ቀጠልን። በስተግራ የአምባሰል ተራሮች እንደ ግንብ ቆመው አብረውን ሄዱ። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ ስማቸው ከወሎ አገር ስሞች ጋር አንድ ነው፤ ሾፌራችን አምባሰልን ሊያንጎራጉር ሞክሮ ተራራውን አይቶ ዝም አለ። ውጫሌ ላይ የታወቀው ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመበትን አገር አየን። ይህ መንገድ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ያለፈበት ነውና፣ ሰዎች ስለ አንቀጽ 17 ስንጠይቃቸው ስለዚያኛው ዓመት ይነግሩን ነበር። የሚጓዝ ሁሉ ከመነሣቱ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከአገሩ ሰው ይጠይቅ።

ስንመለስ ሐይቅ ከተማ ላይ አንዲት ዕድሜያቸው የገፋ የዓሣ ነጋዴ መኪናችንን አስቆሙ።

«ልጆቼ፣ አሚና ቀርቶብኝ ነው፤ ደሴ ድረስ አድርሱኝ፤ ፀሐዩ ሳይበረታ።»

በእርጥብ ከረጢት የተጠቀለለውን ሣህን ከኋላ ጫንላቸው። በመንገድ ላይ ጓደኛችን ደብተርዋን አውጥታ፣ «እማማ፣ ድሮ ዓሣው ምን ያህል ነበር?» ብላ ጠየቀቻቸው። እርሳቸውም ግራ እጃቸውን ዘርግተው በቀኝ እጃቸው ክርናቸውን ነኩ። «ከዚህ እስከ ጣቴ ጫፍ የሚደርስ አይጠፋም ነበር።» ከዚያ ከረጢቱን ገለጥ አድርገው አንዱን ቆሮሶ በመዳፋቸው ላይ አስተኙት። ራሱም ጅራቱም ከመዳፋቸው አላለፈም። «ይኸው» አሉ፤ መልሰውም ሸፈኑት።

ደሴ ፒያሳ ስናወርዳቸው ሁለት ቆሮሶ በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡን፤ ብንለምናቸውም ገንዘብ አልቀበልም አሉ። የጓደኛችን አጎት መኪናው ከሳምንት በኋላም ዓሣ ይሸታል ብለው እስከ ዛሬ ይወቅሱናል።